አራት ቀሪ ክፍያ

የባንኩ ልጅ መቀሱን ከመሳቢያው አውጥቶ
የሚስቴን ካርድ ቆረጠው፣ ከወገቡ ለይቶ።
«ባለቤቱ ካረፉ፣ ካርዱም አብሮ ያርፋል» አለኝ፤
ሰባቱ እንጂ ሠላሳው ገና ሳይወጣ ነው የነገረኝ።

የሼቄሉን መውጫ መግቢያ ትርንጎ ነበረች የምታውቀው፤
እኔ የማውቀው ብረት ነው፣ መቼ እንደሚግል፣ መቼ እንደምቀጠቅጠው።

«ካርድ ላውጣ» አልኩት፣ «በስሜ።» ጣቱ በማሽኑ ላይ ሮጠ፤
ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣኝ ቅንድቡን ሰቅሎ አፈጠጠ።
«ብድር ወስደው ያውቃሉ?» «አልወሰድኩም።»
«በክፍያ የገዙት ዕቃ?» «አልገዛሁም።»
«እንግዲያ» አለኝ፣ «አባባ፣ እኛ አናውቅዎትም።»

ሰው በዕዳው ነው ለካ እዚህ አገር የሚታወቅ፤
ዕዳ የሌለው ሽማግሌ፣ እንዳልተወለደ የሚጠየቅ።

ልነግረው ነበር፤ ቃሉ ዕብራይስጥ አጥቶ ቀረ፤
በኔ ማረሻ ካልሆነ ወገራን ማን አርሶት ነበረ?
በሰኔ ብረት ሰጥቼ በጥር እህሉን ስቀበል
ወረቀት መች ነበረን፣ ፊርማስ መች ገባ በመሐል?
ዱቤ ሰጪው እኔ ነበርኩ፤ ባንኩ እኔ፣ መዝገቡ እኔ፤
የማን ስንት ቁና እንደቀረ ይነበብ ነበር ከዓይኔ።
ስሜስ ቢሆን ዋሴ አይደል? ይኸው ለዋሴ ዋስ ጠየቁ፤
የበኩር ልጄን ጠርተው በእሱ ደመወዝ አጸደቁ።

ካርዱ በፖስታ መጣ። ከሱፍ ልጣጭ ይቀላል፤
ስሜን በፈረንጅ ፊደል አጣሞ ይዞታል።
ኖጋ፣ የልጅ ልጄ፣ «ጣትህን ስልኩ ላይ አድርግ» ትለኛለች፤
ሁለቴ፣ አምስቴ ሞክራ፣ «አያቴ፣ አሻራ የለህም» ብላ ትደነግጣለች።
«አለኝ እንጂ፣ ልጄ» አልኳት፤
«ወገራ፣ ማረሻ ላይ ቀርቶ ነው።»

በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሰ፤ ኖጋ ቆማ አነበበችው።
ትርንጎ በካርዷ የገዛችው፣ ከፍላ ያልጨረሰችው፤
በአሥራ ሁለት ወር ነበር። ስምንቱ ተከፍሏል፤
አራቱ፣ ካርዱ ሲቆረጥ፣ አየር ላይ ቀርቷል።
«የምን ዕቃ ነው?» አልኳት።
መልስ የለም። ጆሮዬን በጣቷ ነካች።

ይቺን ከጆሮዬ ጀርባ የተሸጎጠች ባቄላ፣ መስሚያዬን፣
«ነፃ ናት» ነበር ያለችኝ፣ «መንግሥት ነው የሰጠን።»
ስትዋሽ ድምጿ ይቀጥናል፤ ያን ቀን ግን አላስተዋልኩም፤
ከሰባት ዓመት በኋላ መስማቴ ነው፤ ቢቀጥንም አልጠላሁም።

ልጄ «የሟች ዕዳ ነው፣ ተወው፣ ጠበቃ ይጨርሰው» ይላል።
የሟች ነው እንዴ? በየጠዋቱ በኔ ጆሮ ላይ ይውላል!
እራሴ ደወልኩ። አሥራ ስድስቱን ቁጥር በዕብራይስጥ፣ ቀስ ብዬ፣
እንደ ሚዛን ጠጠር አንድ በአንድ አስቀመጥኩ፣ መነጽሬን ጠርጌ ዓይኔን ጠርጌ።

ሌላም ሰው ደወለ ኋላ፤ «ከባንክ ነኝ» አለ፣ ማር ምላስ፤
ከካርዱ ጀርባ ያሉትን ሦስቱን ቁጥር ፈልጎ ቶሎ ቢል፣ ቢለሳለስ፣
«እሺ፤ መጀመሪያ ንገረኝ፣ የማን ልጅ ነህ?» አልኩት።
ዘጋው። ይኼ ባንክ ዘመድ የለውም።

ወር በገባ በአሥር፣ ገንዘቡ ከሒሳቤ ይቆረጣል፤
እኔም በኩሽናው መቃን በሚስማር እጭራለሁ።
ሦስት ጭረት ሆኗል።
አፉላ ዘንቧል፣ መስኮቱ ይንጠባጠባል፤ ጠብታውን እሰማለሁ።
አራተኛው በሚመጣው ወር ነው። ያን ቀን፣ ይላል ወረቀቱ፣
ከትርንጎ ጋር የነበረኝ ሒሳብ ይዘጋል።

ኖጋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ ነገር ልጠይቃት ነው፤
የመጨረሻውን ክፍያ፣ እሱን ብቻ፣
እንደገና በአሥራ ሁለት
ማካፈል ይቻል እንደሆነ።